ጰ፣ ጠ፣ ቀ፦ ሰው ላልሆኑ ተናጋሪዎች የተፈጠሩ ድምፆች

(ለቋንቋ ወዳዶች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ትንፋሻችሁን ያዙ። አየር አታስገቡ፣ አታስወጡም። እንደያዛችሁት «ጥ» በሉ። «ቅ» በሉ። «ጵ» በሉ።

ሰማችሁ? ትንፋሽ ሳይወጣ አዳራሹ ተንጣጣ። አሁን ደግሞ ትንፋሻችሁን ሳትለቁ «ስ» ለማለት ሞክሩ። «ፍ»ንም ሞክሩ። እምቢ ይላል። «ስ» ከሳንባ የሚመጣ አየር ይፈልጋል። «ጥ» አይፈልግም።

ሥራው እንዲህ ነው። «ጥ» ስንል ምላሳችን ከላይኛው ጥርሳችን ጀርባ ተለጥፎ በሩን ይዘጋል። በዚያው ቅጽበት ማንቁርታችን ውስጥ ያለው ሌላ በርም ይዘጋል። በሁለቱ በሮች መሀል ትንሽ አየር ትታሰራለች። ማንቁርታችን ወደ ላይ ከፍ ይልና ያቺን አየር ይጨምቃታል። ከዚያ ምላሳችን ሲለቅ አየሯ ትፈነዳለች። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጋችሁ «ጥ» በሉ፤ ማንቁርታችሁ ሲዘል ትሰሙታላችሁ። የእኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች እነዚህን ድምፆች ፈንጂ ይሏቸዋል። ስሙ ልክ ነው።

ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረን፣ ገና በልጅነታችን እንጀምረዋለን። ትልቅ ሰው ሆኖ አማርኛ የሚጀምር የውጭ አገር ሰው ግን ወራት ይፈጅበታል። አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ «ቆንጆ» ማለት ፈልጎ «ኮንጆ» ሲል ከረመ። አንድ ቀን ተሳካለት። በደስታ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግማት ዋለ።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉዳይ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን «አቫታር» ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ፓንዶራ በምትባል ጨረቃ ላይ የሚኖሩት ሰማያዊ፣ ባለ ጅራት ፍጥረታት ናእቪ ይባላሉ። ቋንቋቸውን የሠራው ፖል ፍሮመር ነው። በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የቋንቋ ምሁር ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ሠላሳ የሚያህሉ ቃላት አስቀድሞ ፈጥሮ ነበር። ፍሮመር እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራውን ሲጀምር ከእነዚያ ተነሣ። ከዚያ ለካሜሮን ሦስት ዓይነት ድምፅ አቀረበለት። አንዱ እንደ ቻይንኛ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል የቃሉ ትርጉም የሚለወጥበት ነው። ሁለተኛው አናባቢው ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም የሚለይበት ነው። ሦስተኛው ፈንጂ ድምፆች ያሉበት ነው። ካሜሮን ሦስተኛውን መረጠ።

ይህን ሳነብ የተሰማኝን ልንገራችሁ። ከምድር ውጭ የሆነ ነገር እንዲመስል ተብሎ ከቀረበው መሀል የተመረጠው እኛ «ጤና ይስጥልኝ» ስንል የምናወጣው ድምፅ ነው። በናእቪ ሰላምታ «ካልጢ» ነው። ሌሊት «ጦን» ነው። ልብ «ጤእላን»፣ ክንድ «ጱን»፣ ጅራት «ቄትሴ»። ሞኝ የሚባለው ደግሞ «ስቃውንግ» ነው። የፊልሙ ተዋናዮች እነዚህን ለማለት አሠልጣኝ አስፈልጓቸዋል። እናንተ አሁን አንድ ጊዜ ሰምታችሁ አላችኋቸው።

በነገራችን ላይ ፈንጂ ድምፅ የእኛ ብቻ አይደለም። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ አላቸው። ሐውሳ አለው። ጆርጂያኛ፣ ኬችዋ፣ ናቫሆ፣ የማያ ቋንቋዎች አሏቸው። ካሌብ ኤቨረት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት እነዚህ ድምፆች ከፍታ ቦታ በሚነገሩ ቋንቋዎች ይበዛሉ ብሏል። አየሩ ሲሳሳ ያቺን የታሰረች አየር መጭመቅ ይቀላል ነው ሐሳቡ። ብዙ የቋንቋ ምሁራን አልተቀበሉትም። ለእኛ ለደገኞቹ ግን ማሰቡ ደስ ይላል። ለሌላ ዓለም ቋንቋ ለሚፈጥር ሰውም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዚያ ዓለም አየር ምን ዓይነት ነው?

አሁን ፊደላችንን ከሀ ሁ በተለየ ሰልፍ ላሰልፈው። ፐ፣ በ፣ ጰ። ተ፣ ደ፣ ጠ። ከ፣ ገ፣ ቀ። ቸ፣ ጀ፣ ጨ። ሰ፣ ዘ፣ ጸ። ሦስት ሦስት ሆነው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ጉሮሮን አያርገበግብም። ሁለተኛው ያርገበግባል። ሦስተኛው ይፈነዳል። በእያንዳንዱ መስመር ምላስና ከንፈር ቦታቸውን አይለቁም፤ የሚለወጠው የጉሮሮው ሥራ ብቻ ነው። ይህን ሰልፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ፊደሉን እንደ አዲስ የተማርኩ መሰለኝ። ልጅ ሆኜ የማውቀው ዝርዝር ነበር። ለካ ውስጡ ሥርዓት አለ።

የድምፅ ሥርዓት ስንል ይህንን ነው። አንድ ቋንቋ ደስ ያሉትን ድምፆች ዝም ብሎ አይለቅምም። አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር ወገን ይይዛል። ደግሞ ሥርዓቱ ሙሉ አይሆንም፤ እዚህም እዚያም ይጎድላል። ለምሳሌ «ጰ» እኛ ዘንድ እንግዳ ናት። ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጠረጴዛ፤ አብዛኛው ቃሏ ከውጭ የመጣ ነው። «ጸ» ደግሞ በብዙ ሰው አፍ እየቀረች ነው። ጾም «ጦም» ይባላል። ፀሐይ «ጣይ» ትባላለች።

የናእቪን ሥርዓት በዚህ ሰልፍ ላይ አስቀምጡት። ተነባቢዎቹ 20 ናቸው። አናባቢዎቹ 7 ናቸው። ፐ እና ጰ አሉ፤ በ የለም። ተ እና ጠ አሉ፤ ደ የለም። ከ እና ቀ አሉ፤ ገ የለም። መካከለኛው ዓምድ ተነቅሏል! የሚያርገበግቡት «ቨ» እና «ዘ» ግን አሉ። ሸ፣ ቸ፣ ጀ የሉም። ፈንጂዎቹም ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጨ እና ጸ አልገቡም። ስለዚህ «ጦም» የሚለው ሰው በዚህ በኩል ለናእቪ ይቀርባል።

የፍሮመርን ችሎታ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ባዕድ ቋንቋ ሲፈጥሩ መጨመር ይቀናቸዋል። ማንቆርቆር፣ ማጓራት፣ ማፏጨት ይጨምራሉ። እሱ ቀነሰ። በ፣ ደ፣ ገ የሌለበት ንግግር ጆሮ ላይ የተለየ ሆኖ ይሰማል፤ ሰሚው ግን ምን እንደጎደለ አያውቅም። ደግሞ የግድ ሰው ሊለው የሚችል መሆን ነበረበት። ተናጋሪዎቹ ሰማያዊ ቢሆኑም ከኋላቸው ያሉት ተዋናዮች ሰዎች ናቸው። በታሪኩም ውስጥ ሰው ቋንቋውን ይማራል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ሌላ የናእቪ ወገን መጣ፤ ባሕር ዳር የሚኖሩት። ፍሮመር የራሳቸው ዘዬ ሠራላቸው። ፈንጂዎቹ በክፍለ ቃል መነሻ ላይ ሲመጡ ወደ በ፣ ደ፣ ገ ይለወጣሉ። የጫካዎቹ «ካልጢ» በባሕረኞቹ አፍ «ካልዲ» ሆነ። ሌሊቱ «ጦን» ቀርቶ «ዶን» ሆነ። ተነቅሎ የነበረው ዓምድ ተመልሶ ተተከለ፤ ያውም ከራሱ ከመስመሩ። ጠ ወደ ደ እንጂ ወደ ገ አልሄደም። የጎንደርንና የሸዋን፣ የወሎንና የጎጃምን አነጋገር ጆሮው የሚለይ ሰው ይህ ለምን እውነት እንደሚመስል ይገባዋል። ዘዬ የሚለያየው በሥርዓት ነው።

ሌላም አለ። ድምፆች ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? የእኛን ተመልከቱ። «ክፈት» ለሴት ሲሆን «ክፈቺ»። «ውሰድ» ሲሆን «ውሰጂ»። «ቁረጥ» ሲሆን «ቁረጪ»። ተ ወደ ቸ፣ ደ ወደ ጀ፣ ጠ ወደ ጨ። እያንዳንዱ የራሱን ወገን ጠብቆ ይሻገራል፤ የሚያርገበግበው የሚያርገበግብ፣ ፈንጂው ፈንጂ እንደሆነ ይቀራል። ናእቪም የራሱ ሕግ አለው። ብዙ ቁጥር ሲመጣ የቃሉ መነሻ ይለሰልሳል። «ፖ» እሱ ወይም እሷ ነው፤ «ፎ» እነሱ። ፐ ወደ ፈ፣ ተ ወደ ሰ፣ ከ ወደ ሀ። ጰ፣ ጠ እና ቀ ደግሞ ፍንዳታቸውን ጥለው ፐ፣ ተ እና ከ ይሆናሉ። የድምፅ ዝርዝር መጻፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለቋንቋው ሕይወት የሚሰጠው ይህ ዓይነቱ ሕግ ነው።

ክሊንጎንኛ በሌላ መንገድ የሄደ ነው። «ስታር ትሬክ» በተባለው የሕዋ ጉዞ ታሪክ ውስጥ ያሉት ጦረኞች ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ፊልም ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩት። እነሱን ያወጣው ተዋናዩ ጄምስ ዱሃን ነበር። ለ1984ቱ ፊልም ግን ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ሙሉ ቋንቋ አደረገው። መዝገበ ቃላቱ በ1985 ታተመ። 21 ተነባቢዎችና 5 አናባቢዎች አሉት።

ኦክራንድ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው ሙትሱን በተባለ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ላይ ነው። አቀላጥፋ የምትናገረው የመጨረሻዋ ሴት ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከወረቀት ላይ ብቻ አንድን ቋንቋ መልሶ ለመስማት የታገለ ሰው ነው በኋላ ክሊንጎኖችን ያናገራቸው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል።

ክሊንጎንኛ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ድምፅ በሆነ የሰው ልጅ ቋንቋ ውስጥ አለ። ባዕድ ያደረገው ስብስቡ ነው። «ከ» የለም። ከእሷ በስተኋላ፣ እንጥል አካባቢ የሚወጡ ሁለት ድምፆች ግን አሉ። «ተ» አለ፤ ጥንዷ «ደ» ግን ቦታዋን ለቃለች፤ የምላስ ጫፍ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ነው የምትወጣው። የቋንቋው ስም ራሱ የሚጀምርበት ድምፅ ከ«ት» ተነሥቶ አየሩን በምላስ ጎንና ጎን የሚለቅ ነው። በሜክሲኮው ናዋትል ውስጥ አለ። ቅድም ያሰለፍነው ሰልፍ ትዝ ይበላችሁ። ኦክራንድ አውቆ አፈረሰው። የሰው ቋንቋዎች ወገን ወገን ይዘው ይቆማሉ፤ የእሱ ጦረኞች ድምፆች ግን ብዙዎቹ ወገን የላቸውም። ጆሮ ምክንያቱን ባያውቅም ይቆረቁረዋል።

ሁለቱም ሥራዎች ድንቅ ናቸው። ግን የሁለቱም አፍ የሰው አፍ ነው። እውነት አፉ የተለየ ፍጥረት ቢናገርስ?

እዚህ ላይ ስለ አንድ ዝሆን ልንገራችሁ። ኮሺክ ይባላል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኤቨርላንድ በሚባል መካነ እንስሳት የሚኖር የእስያ ዝሆን ነው። አምስት የኮሪያ ቃላት ይላል። ከነሱ አንዱ «አንኞንግ» ነው፤ ሰላምታ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ እሱ ጽፈዋል። የዝሆን የላይኛው ከንፈር ከኩምቢው ጋር አንድ ሆኗል፤ ስለዚህ እንደ እኛ ከንፈሩን ማሞጥሞጥ አይችልም። ኮሺክ ምን አደረገ? ኩምቢውን አፉ ውስጥ ከቶ የአፉን ክፍተት ቅርጽ ለወጠው። አናባቢዎቹ የአሠልጣኙን ይመስላሉ። ተነባቢዎቹ ግን ብዙም አልሆኑለትም። ያንን ግዙፍ እንስሳ አስቡት። አጠገቡ ካሉት ሰዎች ጋር ለመቀራረብ ብሎ ነው ያደረገው ይላሉ ያጠኑት።

የወፍ አካል ደግሞ ሌላ ነው። የወፍ ድምፅ የሚወጣው ከጉሮሮ አናት አይደለም። ዝቅ ብሎ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት ሊከፈል ሲል ነው። ብዙ ወፎች ግራና ቀኙን ለየብቻ ማዘዝ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ወፍ በአንድ ጊዜ ሁለት ዜማ ሊያወጣ ይችላል። ዶልፊን ደግሞ ድምፁን የሚያወጣው ከአናቱ ካለው መተንፈሻ በታች፣ በአፍንጫው መንገድ ውስጥ ነው። አፉን ሳይከፍት ይጮኻል።

በሉ እኛም እንሞክር። ምንቃር ያለው ተናጋሪ እንፍጠር። መጀመሪያ ከንፈር የለውም። ስለዚህ መ፣ በ፣ ፐ፣ ጰ፣ ፈ ይሄዳሉ። እርሳስ በጥርሳችሁ ነክሳችሁ፣ ከንፈራችሁን ሳትገጥሙ «እማማ» በሉ። «እናና» ሆነባችሁ አይደል? «አባባ»ም ይጠፋል። ይህ ፍጥረት እናትና አባቱን በሌላ ድምፅ ይጠራል።

ግን ቸኩለን ባዕድ ነው አንበል። ከሰው ቋንቋ መሀልም ከንፈር የማይገጥምባቸው አሉ። በሰሜን አሜሪካ የሚነገረው ሞሆክ መ፣ በ፣ ፐ የሉትም፤ ከውጭ በገቡ ቃላት ካልሆነ በቀር። ባሮን ላኦንታን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1703 ባሳተመው መጽሐፍ ሁሮን ከተባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ አንድ ሰው እነዚህን ድምፆች እንዲል አራት ቀን ሙሉ እንደደከመና እንዳልሆነለት ጽፏል። ለመናገር ብሎ አፍ መዝጋት ለሁሮኖቹ የማይረባ ነገር ሆኖባቸው ነበር። ልክ ናቸው፤ አፍ የሚከፈተው ለመናገር አይደል? ለእነሱ ባዕዱ እሱ ነበር።

ሁለተኛ፣ ፍጥረታችን ሁለት ዜማ ባንድ ጊዜ ማውጣት ይችላል እንበል። በግራው ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። በቀኙም እንዲሁ ሦስት። ሦስት በሦስት ዘጠኝ ነው። ዘጠኝ «አናባቢ» አገኘን፤ አንዱንም ብቻውን ያለ ሰው ሊለው አይችልም። ለሁለት ሆነን ነው አንዲት ክፍለ ቃል የምናወጣው። አንዱ ሰው ግራውን፣ ሌላው ቀኙን። በእውነት እንዲህ ያለ ቋንቋ ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ ለመናገር ጓደኛ የሚያስፈልግበት ቋንቋ።

ሦስተኛ፣ ትንፋሽ። የሰው ንግግር አየር እያስወጣ ነው። ግን እኛ አንድ ነገር አለን። ሰው ሲያወራን አየር ወደ ውስጥ ስበን «እ» ብለን እንስማማለን። የማያውቀን ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። እኛ ግን «አዎ፣ እየሰማሁህ ነው» ማለታችን ነው። ይህ ድምፅ ፊደል የለውም። በሰዋስው መጽሐፍም ከተነባቢዎች ጋር አይቆጠርም። ግን ትርጉም አለው። ለምንቃረኛው ፍጥረት ይህን ወደ ሥርዓቱ እናስገባለት። እያንዳንዱን ድምፅ አንዴ እያስወጣ፣ አንዴ እያስገባ ይበለው። አንዱ ዓምድ ሁለት ሆነ። ሦስቱ ተ፣ ደ፣ ጠ ስድስት ሆኑ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ ብዬ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ የጠየቀችው ለጽሑፉም ይጠቅማልና ላስገባው። «ናእቪን በእኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል ወይ?» አለች።

ይቻላል፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ይመቻል። በላቲን ፊደል ሲጽፉት ለፈንጂ ድምፅ ሁለት ፊደል ይፈጃሉ። ለእኛ ጰ፣ ጠ፣ ቀ አንድ አንድ ሆነው ይበቃሉ። አናባቢ ሳይኖር «ርርር» እያለ የሚንቀጠቀጥ ክፍለ ቃል አላቸው፤ ለእሱ ሳድሱ «ር» ይሆነናል። ችግር የሚገጥመን ሁለት ቦታ ነው። «ቄትሴ» ውስጥ ያለው ት እና ስ አንድ ድምፅ ነው፤ ግን የማይፈነዳ ነው። «ጸ» ብለን ከጻፍነው አፋችን ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሁለት ፊደል እንጽፋለን። ሌላው «እንግዳ» ስንል ከ«ግ» በፊት በአፍንጫ የምትወጣው «ን» ናት። እኛ ብቻዋን ቃል አናስጀምርባትም። እነሱ ያስጀምሩባታል፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት እሷና «አ» ብቻ ናቸው። ልጅቱ ሰሌዳው ላይ ወጥታ «ነ»ን ጻፈችና ከላይዋ አንዲት ሰረዝ ጨመረችባት፤ «ኘ» ሆነባት። አጠፋችው። ሰረዙን ወደ ታች አወረደችው። ከአዳራሹ ወጥተን እንኳ በጣቷ አየር ላይ እየሞከረች ነበር።